ጋሽ ዲዳ የተረጎሙት ቤት

ይድረስ ለወንድሜ ለታፈሰ ወልደየሱስ፣ ካለህበት ሞምባሳ።

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? በብየዳው ብልጭታ የሚቀላው ዓይንህ ተሻለው ወይስ አሁንም ሰው ሲያይህ ጫት ሲቅም ያደረ ነው የሚመስለው? ወገብህስ? የባሕሩ ወበቅ እንቅልፍ ይሰጥሃል? አብረውህ የሚኖሩት ልጆችስ እንዴት ናቸው? ያ ተኝቶ የሚዘፍነው ልጅ ዘፈኑን ቀየረ ወይስ ያንኑ ነው የሚደጋግመው? እኛ በበኩላችን ከናፍቆትህና ከአባዬ ምክር በስተቀር የሚያመን ነገር የለም።

በስልክ ድምፅ መላኩን ትተሽ በፊደል ጻፊልኝ፣ አማርኛሽ በላቲን ፊደል ተጽፎ ተጽፎ ሊሞት ነው ስላልከኝ ይኸው በወረቀት መጣሁልህ። እማዬ አጠገቤ ሽንኩርት እየላጠች «ሰላምታውን አስረዝሚው፤ ሰው ሳይጠየቅ ወሬ አይጀመርም» ትለኛለች። እንግዲህ እንደገና ልጠይቅህ፦ ደህና ነህ? በጣም ደህና ነህ? እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ወደ ወሬው ልግባ፣ ሽንኩርቱ እኔንም ማስለቀስ ጀምሯል።

ትልቁ ወሬ ግቢያችን መሸጡ ነው። እስከ ዛሬ ያልነገርንህ አባዬ «ልጁን ሥራ ላይ እያለ አታስደንግጡት» ብሎ ስለከለከለን ነው። ነገሩ የሆነው በሐምሌ ነው። ባለቤቱ ከማርሳቢት ድረስ መጥቶ ሰባታችንንም ተከራይ ኒሙ ዛፍ ሥር ሰበሰበና እስከ ፋሲካ እንድንለቅ የሚል ወረቀት በየእጃችን ሰጠን። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። አባዬ መነጽሩን አድርጎ ብዙ ካየው በኋላ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» እያለ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሰውየው ከሄደ በኋላ ተቀብዬ አንብቤ ስነግረው፣ ቆሞ የነበረው ሰው ወንበር ፈለገ።

ሌላ ቤት ያልፈለግንበት ሠፈር የለም። መንገዱ ከተሠራና የጭነት መኪናው ከበዛ ወዲህ፣ በዚህ በኩል አንድ ክፍል የሚያከራይ ሰው ቤተ መንግሥት እንደሚያከራይ ነው የሚያናግርህ። ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ እንሻገር እንዳንል ደግሞ የአባዬ ሆቴል እዚህ ነው፣ ደንበኞቹ እዚህ ናቸው፣ የእኔም ትምህርት ቤት እዚህ ነው። አራት ጠረጴዛ ያላትን ቤት አባዬ ሆቴል እያለ እስከጠራት ድረስ እኔም ሆቴል እላታለሁ፤ አባት ይከበራል።

ግቢውን የገዛው ፍራንሲስ የሚባል፣ ከናይሮቢ የመጣ ቤት ሠርቶ ሻጭ ነው። ነጭ ጫማ ያደርጋል። በሞያሌ አቧራ ነጭ ጫማ የሚያደርግ ሰው ወይ በጣም ሀብታም ነው ወይ ትናንት የመጣ ነው። በራችን ላይ ትልቅ ሥዕል ሰቀለ፤ አምስት ፎቅ፣ ከፊቱ አረንጓዴ ሣር፣ ሣሩ ላይ የምትሮጥ ፀጉሯ ቢጫ የሆነ ልጅና አንድ ቡችላ። ጋሽ ዲዳ ሥዕሉን ከቀኝም ከግራም ካዩት በኋላ «ይህን ሣር ማን ነው የሚያጠጣው? ልጅቷ ናት ወይስ ውሻው?» አሉ። ጋሽ ዲዳን መቼም አልረሳሃቸውም፤ ግድግዳ የምንጋራቸው፣ የከብት ደላላነቱን ትተው ከሦስት ፍየሎቻቸው ጋር ግቢያችን ውስጥ ጡረታ የወጡት የቦረና ሽማግሌ። ስማቸው በአማርኛ አፍ የሌለው ማለት ሆኖ ሳለ፣ ከጠረፉ ወዲህም ወዲያም የእሳቸውን ያህል የሚያወራ ሰው አለመገኘቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ፍራንሲስ ለነባር ተከራዮች ቅድሚያ እሰጣለሁ ብሎ የአንዱን ቤት ንድፍ አሳየን። ተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። እማዬ «ማድቤቱ የቱ ነው?» ብትለው አንድ ጥግ አሳያት። «መኝታውስ?» ብትለው ከዚያው ጥግ አጠገብ ያለውን ጥግ አሳያት። «እንግዳ ሲመጣስ?» አለችው። አልጋው ላይ ይቀመጣል አላት። እማዬ ትንሽ አስባ «እንግዲያው እንግዳ ሲገባ እኛ እንወጣለን ማለት ነው» አለች። ዋጋውን ሲነግረን ደግሞ አባዬ በስዋሂሊ የተሳሳተ መስሎት በአማርኛ ድገሚልኝ አለኝ። ደገምኩለት። በአማርኛም ያው ሆነ።

እንዲህ ሆነን ሳለ ነው በነሐሴ አንድ ቀን የመንግሥት መኪና ድምፅ ማጉያ ጭኖ ሠፈሩን የዞረው። «ኙምባ ናፉ! ኙምባ ናፉ! ምዝገባ ሐሙስ ጠዋት በሠፈሩ ሹም በቺፉ ቢሮ!» ይላል። ሞምባሳ ለሚኖር ሰው ኙምባ ቤት፣ ናፉ ደግሞ ዋጋው የማይከብድ ማለት ነው ብሎ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። መንግሥት በከተማው ዳር ሠርቶ ነዋሪው ቀስ እያለ የሚከፍልበት ቤት ነው ነገሩ። ግን የሞያሌ ጆሮ አንድ ቋንቋ ብቻ ሰምቶ አያርፍም። ጋሽ ዲዳ ቃሉን የሰሙት በኦሮምኛ ነው። በኦሮምኛ ናፋ ማለት አካሉ የተጎዳ ሰው ነው። «ያ ዋቃ!» ብለው ከፍየሎቻቸው መሃል ብድግ አሉ፤ «መንግሥት አካሉ ለተጎዳ ሰው ቤት ሊሰጥ ነው!»

ማስረጃም ነበራቸው። ማስረጃቸው ነጂባ ናት፤ በራችን ላይ ባለችው ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋው፣ በልጅነቷ ፖሊዮ አንድ እግሯን አድክሞባት በክራንች የምትሄደው ነጂባ። ከቤቶች ቢሮ የመጣች ሠራተኛ ሳምንት ቀድማ ሱቋ ድረስ መጥታ መዝግባት ነበር። «አያችሁ? ከማን እንደጀመሩ አያችሁ?» አሉ ጋሽ ዲዳ። አባዬ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ኬንያ ኖሬ ስዋሂሊ አልስትም የሚል ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስዋሂሊው «ሳዋ ሳዋ»፣ እሺ እሺ፣ ከማለት አልፎ አያውቅም። እሱም ራሱን እየነቀነቀ «ልክ ነው፤ እኔም እንደዚያው ነው የሰማሁት» አለ። በሁለት ሽማግሌ ምስክር ነገሩ ጸደቀ።

እዚህ ላይ ኃጢአቴን ልናዘዝ። እኔ አውቅ ነበር። ናፉ የሚለው ቃል በየሱቁ በር ላይ ተጽፎ በየቀኑ የማነበው ቃል ነው። አንዲት ቃል ብተነፍስ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን አባዬ መስተዋት ፊት ቆሞ ቀኙ ይሻል ግራው ይሻል እያለ ማንከስ ሲለማመድ አየሁት። እስቲ እውነቱን ተናገር፣ አንተ ብትሆን ትናገር ነበር? እማዬ «ደህና እግር የሰጠህን አምላክ አታሳዝን» ብላ ብትቆጣው «አልሸጥኩትም እኮ፣ ለአንድ ጠዋት ነው የማውሰው» አላት። ይህን የመሰለ ነገር በአንዲት ቃል ማበላሸት ግፍ መሰለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ከግቢያችን አምስት ሽማግሌዎች ወጡ። እኔ በአስተርጓሚነት ከኋላ ነኝ። እስከ ቦዳ ቦዳ ሞተሮቹ መቆሚያ ድረስ ሁሉም እንደ ሰው ሄዱ፤ የቺፉ ቢሮ ብቅ ሲል አምስቱም ባንዴ አነከሱ። ጋሽ ዲዳ በአንዱ ዱላቸው ላይ ሌላ ዱላ ጨምረው፣ ለማንኛውም ብለው አንድ ዓይናቸውን በሻሽ አስረዋል። ያችው ሠራተኛ ጠረጴዛዋን ከዛፍ ጥላ ሥር አውጥታ ትመዘግባለች። ሰልፉን አይታ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው። «ሁላችሁም ከአንድ ግቢ ናችሁ? ምን ዓይነት አደጋ ነው የደረሰባችሁ?» አለች። ለአባዬ ስተረጉምለት «የኑሮ አደጋ ነው በያት» አለኝ። እንዳለ አልኳት።

ከዚያ የጋሽ ዲዳ ተራ ደረሰ። ከጥያቄዎቹ አንዱ መሬት አለዎት ወይ የሚል ነው። ቤት አጣሁ ብሎ የመጣ ሰው የለኝም ብሎ ያልፋል። እሳቸው ግን ክብራቸው ተነካ። «ምን? መሬት? ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ንገሪያት! መሬት የሌለው ሽማግሌ እመስላለሁ?» ብለው፣ ሄሉ መንገድ ዳር ያላቸውን፣ እኛ ጎረቤቶቻቸው እንኳን ሰምተነው የማናውቀውን ቦታ መተረክ ጀመሩ። ወረቀቱ በሳጥናቸው እንዳለ፣ ድንበሩ የት እንደሆነ፣ አፈሩ ምን ያህል ቀይ እንደሆነ። ስፋቱን በቃል ማስረዳት ሲያቅታቸው ሁለቱንም ዱላ ጣሉና በእርምጃ ሊያሳዩዋት ተነሡ። «ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት» እያሉ ከጠረጴዛው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አጥሩ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ተራመዱ። ሻሹም ከዓይናቸው ወርዶ አንገታቸው ላይ ቀረ።

ነጂባ ለወረቀት ጉዳይ መጥታ ከበሩ ቆማ ሁሉንም አይታለች። ጋሽ ዲዳን አልተናገረቻቸውም። ወደ አባዬ ዞራ ግን «ጋሽ ወልዴ፣ ሲገቡ ቀኙን ነበር፣ አሁን ግራው ሆነ። አንዱን ይምረጡ እንጂ፣ እኔ እኮ አንዱን ይዤ ነው ሠላሳ ዓመት የኖርኩት!» አለችው። ሰልፈኛው ሁሉ በሦስት ቋንቋ ሳቀ።

ሠራተኛዋ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ናፉ ምን ማለት እንደሆነ ቀስ ብላ አስረዳች፤ እኔም ለአባዬ ተረጎምኩ። ፊቱን ሳላይ ነው የተረጎምኩት። ከዚያ ለምዝገባ ሐሰት ያቀረበ ሰው በዚህ ዙር አይካተትም አለችና ማስመሪያ አስደግፋ በአምስቱም ስም ላይ መስመር አሰመረችባቸው። ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሆነ እሷም አታውቅም። ሳቄ እዚያ ላይ ቆመ። መስመሩ የተሰመረው በአባዬ ቀልድ ላይ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በቤታችን ላይ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ አባዬ ከፊቴ ይሄድ ነበር፣ በእውነት የሚያነክስ መሰለኝ።

ሁለት ቀን አልተናገረም። ለደንበኛ ሻይ ያቀርባል፣ ስኳሩን ይረሳል። እማዬ ስኳሩን ይዛ ከኋላው ትከተላለች። 

በሦስተኛው ቀን ነጂባ ሰባቱንም ቤት ኒሙ ሥር ሰበሰበች። ቀድሞ እሷ ስትናገር ሽማግሌዎቹ ስልካቸውን ይነካኩ ነበር፤ ያን ቀን ግን የማንም ስልክ ከኪስ አልወጣም። «ጋሽ ዲዳ፣ ያ በእርምጃ የለኩት ቦታ አሁን ማን ነው የሚተኛበት?» አለቻቸው። «የሰው ፍየል» አሉ ወደ መሬት እያዩ። «ፍየል ብቻ?» «አልፎ አልፎ ጅብም ይመጣል» አሉ፤ ያን ጊዜ እንኳን ዝም ማለት አልቻሉም። እሷም እንዲህ አለች፦ «ለእኔ ቤት ደርሶኛል፤ ጎረቤት ግን አልደረሰኝም። እዚያ ማን ያውቀኛል? የማንን ልጅ ዩኒፎርም ነው የምለካው?» ከዚያም ለወረቀቷ ጉዳይ ስትመላለስ መንግሥት ግቢ ውስጥ ያየችውን ነገረችን። በሸራ የተሸፈነ የጡብ መጭመቂያ ማሽን አለ፤ ቀይ አፈርን ከትንሽ ሲሚንቶ ጋር ጨምቆ፣ እሳት ሳይነካው፣ አንዱ ባንዱ ላይ የሚገጣጠም ጡብ ያወጣል። ለተመዘገበ ማኅበር ያውሱታል፤ አሠራሩን የሚያሳይ ባለሙያም አብሮ ይመጣል። «መንግሥት ማሽን አለው፣ ጋሽ ዲዳ መሬት አላቸው፣ ፍራንሲስ ቆርቆሮ አለው። እኛ ክንድ አለን» አለች።

አባዬ ከሁለት ቀን በኋላ አፉን የከፈተው እዚህ ላይ ነው። «ፍራንሲስ ቆርቆሮውን ስለ ምን ብሎ ይሰጠናል?» አለ። ነጂባ ወረቀቱን አንብቢላቸው አለችኝ። ወረቀቱ እስከ ፋሲካ ይላል። ፍራንሲስ ደግሞ ባንኩ እያጣደፈው ስለሆነ ከጥምቀት በፊት ግቢውን ባዶ ማግኘት ይፈልጋል፤ ይህን የሰማችው ሱቋ በር ላይ ቆሞ በስልክ ሲጨቃጨቅ ነው። ሦስት ወር ቀድመን ብንለቅለት ለእሱ ከቆርቆሮ ይበልጥበታል። ፍራንሲስ ተጠርቶ መጣ፤ ነጩ ጫማው አሁን እንደኛው ሆኗል። ብዙ ሳቀ፣ ብዙ ደወለ፣ በመጨረሻ ጣሪያችንን ሊያለብስና ጣሪያውን የሚሠራ ፉንዲ ሊልክ፣ የድሮውን ግቢ በርና መስኮትም ነቅለን እንድንወስድ ተስማማ። በሠራተኛዋ ፊት ፈረመ። ሐሳቡ የነጂባ ነው፣ ትርጉሙ የእኔ ነው፤ አባዬ ግን ለደንበኛ ሁሉ «ፍራንሲስን እንዲህ ብዬ ያዝኩት» እያለ ያወራል።

ጋሽ ዲዳ ቦታውን ለማኅበሩ ሰጡ፤ ቀስ እያልን እንከፍላቸዋለን። የጠየቁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ለፍየሎቻቸው በረት፣ ለራሳቸው ከመንገዱ የመጀመሪያውን በር። ለምን የመጀመሪያውን ቢባሉ «አላፊ አግዳሚው ሰላም ሳልለው እንዳያመልጠኝ» አሉ። ሄሉ አሁን እንደምታውቀው አይደለም፤ ሱቁም ሰዉም ወደዚያ እየሄደ ነው፣ የውኃ ቧንቧም ከቦታው ፊት ለፊት ደርሷል፣ እኔም በእግሬ ትምህርት ቤት እደርሳለሁ።

ማኅበሩ ሲመዘገብ ስም አምጡ ተባልን። ሽማግሌዎቹ ሁለት ቀን ተከራከሩ፤ አባዬ ያመጣው ስም ቅጹ ላይ ከተሰጠው መስመር አልፎ ሄደ። በመጨረሻ ነጂባ «ናፉ በሉትና ይብቃን» አለች። ሠራተኛዋ ሰምታ ደስ አላት፣ ጋሽ ዲዳ ሰምተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ በአማርኛ ደግሞ ቃሉ ልክ ሆኖ ተገኘ። አፈሩ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጠጠሩ እንዲወጣ ይነፋል። እማዬና ሴቶቹ በትልቅ ወንፊት ቀኑን ሙሉ ሲነፉ ይውላሉ፤ ነፉ፣ ነፉ፣ ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ቀላ። እዚህ እንዲህ ያለውን ማኅበር ቻማ ነው የሚሉት፣ አባዬ ግን «የጫማው ስብሰባ መቼ ነው?» እያለ ነው የሚጠይቀው።

ደግሞ ሕግ አለን። ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት ክፍል ሁላችንም አብረን እንሠራለን። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካለ፣ ክፍሉ ውስጥ የሚተኛው ሰው ራሱ ጡቡን ይጭመቅ። ሕጉ የወጣው በሽማግሌዎቹ ምክንያት ነው። ያላገባውንም ያልተወለደውንም ልጅ እየቆጠሩ ክፍል ያበዙ ጀመር፤ ጋሽ ዲዳ ለፍየሎቻቸው ሳይቀር የሰው ስም አውጥተው ነበር።

ማሽኑ ረጅም የብረት ክንድ አለው፤ ሁለት ሰው ተንጠልጥሎበት ነው የሚጫነው። ትምህርት በሌለኝ ቀን ከአባዬ ጋር አብሬ እንጠለጠላለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ፊት ለፊት ተንጠልጥለን ሳለ ሆዴ አላስችል አለኝና «አባዬ፣ ናፉ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ከመጀመሪያው አውቅ ነበር» አልኩት።  ሦስት ጡብ ጨመቅን። አራተኛው ላይ «የትኛው እግር ነበር የተሻለው?» አለኝ። ግራው አልኩት። «እኔም ግራው መስሎኝ ነበር» አለ። ስስቅ ጠበቀኝና «ሁለተኛ ግን ሰው ሲሳሳት እያየሽ ዝም አትበዪ። ያ ሰው እኔም ብሆን» አለኝ። በቁጣ ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ወንድም ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ጉዳይ አሁን መጣ። የሁለቱ ክፍላችን ጡብ ካለቀ ሰነበተ። አባዬ ግን አልቆመም። ሌላው ምሳ ሲሄድ ብቻውን ክንዱ ላይ ይንጠለጠላል፤ ብቻውን ሲሆን አንዱ ጡብ የሁለት ጡብ ጊዜ ይወስድበታል። ነጂባ «ጋሽ ወልዴ፣ የእርስዎ አልቋል እኮ። ይሄ የማን ነው?» ብትለው «የታፈሰ» አላት። «የሚተኛበት ይጭመቅ ነው ሕጉ» አለችው። በስብሰባው ዕለት አባዬ ተነሥቶ ቆመ፤ አንድም ቀልድ አልጨመረም። «ልጄ ሥራ ላይ ነው፣ ይመጣል። እስኪመጣ በእሱ ፈንታ ልጭመቅለት፤ ባይመጣ ክፍሉ የማኅበሩ ይሁን» አለ። አባዬ ሰው ሲለምን አይቼ አላውቅም። ማንም አልተከራከረውም። ጋሽ ዲዳ እንኳን ያን ቀን ዝም አሉ።

አንተ ግን በሰኔ በስልክ ለእኔ ብቻ የነገርከኝ ነገር አለ። ኳታር የሚወስድህ ሰው እንዳገኘህ፣ ፓስፖርትህን እንደሰጠኸው፣ ወደዚህ መመለስ እንደማታስብ። ለማንም አልተነፈስኩም። አሁን ግን አባዬ በየቀኑ ምሳውን ትቶ ሲሳሳት እያየሁት ነው። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ማታ ወገቡን ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ ሲጠይቁት የሆቴሉ ወንበር ነው ይላል።

ና አልልህም። ሕይወትህ የራስህ ነው፤ የጡብ ክምር አሳይቶ ሰው መጥለፍ የሽማግሌ ሥራ ነው። ጣሪያ የሚቆርጠው ፉንዲ የክፍሉን ብዛት እስከ ኅዳር ጽዮን ማወቅ አለበት። ከዚያ በፊት ለአባዬ በራስህ አንደበት ንገረው። የምትመጣ ከሆነ ለአንድ ሳምንትም ቢሆን መጥተህ ክንዱ ላይ ተንጠልጠል፤ የዛሬዋን ነጂባ አታውቃትም፣ ሕግ ካለች ሕግ ነው። የማትመጣም ከሆነ ንገረውና ይረፍ። ጽዮን ደርሶ ዝም ካልክ እኔ እነግረዋለሁ። እየዛትኩብህ እንዳይመስልህ። አንድ ጊዜ ዝም ብዬ አይቻለሁና ነው።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ በርበሬው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሞምባሳ በሚወርድ የጭነት መኪና ሾፌር እጅ ተልኮልሃል፣ ለልጆቹም እንድታካፍል ብላለች። ጋሽ ዲዳ ሰላም ብለውሃል፤ መልእክታቸውን ሁሉ ብጽፈው ግን ወረቀቱ አይበቃም። ነጂባ ሰላም ብላ ሱሪህን ስንት ቁጥር እንደምትለብስ ጠይቃለች፣ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። አብረውህ ላሉት ልጆች ሁሉ፣ ለዘፋኙም ጭምር፣ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አባዬ ደግሞ ሰላምታውን አጭር አድርጎ አንድ ጥያቄ እንዳልረሳ ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀኝ፦ የክፍልህ መስኮት በየት በኩል ይሁንልህ፣ በመንገዱ ወይስ በግቢው? መንገዱ አቧራ አለው፣ ግን ሰው ሲመጣ ከሩቅ ይታያል ብሏል።

እህትህ ሳሌም ወልደየሱስ
ሞያሌ፣ በኬንያው ወገን
እሑድ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.